የእድራችን አዲስ አድራሻ

ዘነበወርቅ ያለው እድራችን ለቅሶ በድረ ገጽ እንዲነገር ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ «በዚህ ዘመን ጡሩምባ ምን ይሠራል?» ብዬ ሽማግሌውን ጡሩምባ ነፊ ጡረታ አስወጣኋቸው።

አንድ የክረምት ማለዳ ሊቀመንበራችን ላፕቶፔ አጠገብ ቆመው ይንቆራጠጣሉ። የጡሩምባ ነፊው ባለቤት አርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም።

«ቶሎ በል እንጂ ልጄ!»

«እያየሁት ነው ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። የተናደድኩት ግን በራሴ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት የድረ ገጻችንን አድራሻ ስቀይር፣ ገጹ የተቀመጠበት የሆስቲንግ አገልግሎት መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብቼ፣ አሮጌውን አድራሻ የሚከፍት ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲተላለፍ አድርጌ ነበር። አዲሱ ገና ባዶ ሳለ ደግሞ የሚከፍተውን ሰው ወደ አሮጌው እንዲመልስ አዝዤው ነበር፤ ያንን ማጥፋት ረሳሁ። ሁለቱ አድራሻዎች አባሉን እየተቀባበሉ ያንከራትቱታል።

ትዕዛዙን አጠፋሁት። ገጹን እንደገና ልከፍት ስል ከአስፋልቱ ማዶ ጡሩምባ ተነፋ።

ሊቀመንበሩ በመስኮት አዩና «ራሳቸው ናቸው» ብለው ቁጭ አሉ።

ለሚስታቸው የሚነፋ ሌላ ሰው አልተውኩላቸውም ነበር።