ወንበራችን ላይ ጤነኛ የነበሩት ሐጂ

ሥራ የጀመርኩት ሮቤ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ዛሬ በዚያ የሚሠሩት ልጆች በእኛ ጊዜ ለተደረገው አይጠየቁም። ጎባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጤና ረዳትነት ሥልጠና ወስጄ፣ አዲስ ነጭ ጋውኔን አጣጥፌ ይዤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኃላፊው ጓድ ታደለ ነበሩ። እንኳን ደህና መጣሽ አላሉኝም። አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የንብረት መረከቢያ ቅጹን፣ ሞዴል 22 ዘረጉልኝ።

«ፈርሚ።»

«ምንድን ነው ጓድ?»

«የደም ግፊት መለኪያ። ሜርኩሪው አንድ ጠብታ ቢጎድል ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ከዚህ ግቢም አይወጣም።»

ፈረምኩ። ስለ በሽተኞች የተነገረኝ በማግሥቱ ነው።

የመለኪያው ወንበር ኮሪደሩ ላይ ነበር። አጠገቡ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ወር ያገኘሁት ቁጥር ቢታመን የሮቤና የአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ የደም ግፊት በሽተኛ ነው። አንዲት የገሰራ ሴት ጆሮዋን አሟት መጥታ የላይኛው ግፊቷ መቶ ሰባ ሆነ።

«የታመመው ጆሮዬ ነው፤ ክንዴን ለምን ታንቂዋለሽ?» አለችኝ። የምታየው ግን እኔን አልነበረም፤ ጠመንጃውን ነበር።

ወንበሩን ወደ ቁስል ማሸጊያው ክፍል ገፋሁት፤ መጋረጃም ጋረድኩ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ወረደ። ጓድ ታደለ በሪፖርታቸው ላይ «በተደረገው ያላሰለሰ ትግል የደም ግፊት በሽታ በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል» ብለው ጻፉ። ትግሉ አንድ ወንበር መግፋት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩ የሰውየው ብቻ እንዳልሆነ፣ የተቀመጠበት ቦታም እንዳለበት ማወቅ ነበረብኝ። አወቅሁ ብዬ አስቤም ነበር።

ሐጂ ቃሲም የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ገበያው ዳር አቡጀዲ፣ ሳሙናና የፋኖስ ክር የሚሸጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ሥር አብጦ ነበር። ሽንታቸውን በመስታወት ቱቦ አድርጌ በአልኮል መብራት ሳሞቀው እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ግፊታቸው መቶ ዘጠናን አልፏል። ጎባ ላለው ሐኪም ላክኋቸው። ሐኪሙ ኩላሊታቸው መጎዳቱን፣ ግፊቱ ካልወረደ የቀረውንም እንደሚጨርሰው ጽፎ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዞ መለሳቸው። በየወሩ እየመጡ እንዲለኩ ቀጠሮ ሰጠኋቸው።

በቀጠሯቸው ቀን ሐጂን ማየት ደስ ይላል። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ከሮቤ ጭቃ አጽድተው፣ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ታጥበው ይመጣሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደህና ነኝ ሐጂ። መድኃኒቱን ወስደዋል?»

«ወላሂ ወስጃለሁ።»

እለካለሁ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። «ስንት አመጣሁ?» ይላሉ፣ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ። ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጅጌያቸውን ያወርዳሉ።

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጓድ ታደለ የሁሉንም በሽተኞች የየወሩን ግፊት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥ በቀይ መስመር ይሥሉ ነበር። የሌላው ሰው መስመር ተራራና ገደል ነው፤ የሐጂ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከአውራጃ ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። በዚያ መስመር የተነሳ እኔም ለኮከብ ሠራተኛነት ታጨሁ። ዕጩነቴ ሲነበብ ሐጂ ከታካሚዎች ተወክለው ተገኝተው አጨበጨቡልኝ።

የሚያስቸግረው የቀረው ሰውነታቸው ነበር። ቁጥሩ ሲያምር እግራቸው እያበጠ ሄደ። ቱቦው ውስጥ የሚረጋው ነገርም በየወሩ ወፈረ። ይህን ለጓድ ታደለ ስነግራቸው «ለሽንት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ የለንም» አሉኝ።

በመጨረሻ ሐጂን ይዤ ጎባ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ነበር። ካርዱን አየ፤ የሐጂን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ሐጂን ውጭ እንዲጠብቁ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ካርድ የእኚህ ሰውዬ ነው?»

«የሳቸው ነው ዶክተር።»

«እንግዲያውስ አንዱ ይዋሻል፣ ወይ ካርዱ ወይ ኩላሊቱ። ኩላሊት ሲዋሽ አላየሁም። የምትለኪው የት ነው?»

«ጤና ጣቢያ፣ ወንበር ላይ። በወር አንዴ።»

«ሰውዬው የሚኖሩት ወንበራችሁ ላይ ነው እንዴ? በሚኖሩበት ለኪያቸው። ከንጋት ጀምሮ በየሰዓቱ፣ ሲሠሩም፣ ሲበሉም፣ ሲያርፉም። ውጭ አገር ክንድ ላይ ታስሮ ቀንና ሌሊት ራሱ እየነፋ የሚለካ መሣሪያ አለ። እዚህ ግን መሣሪያው አንቺ ነሽ።»

ሌሊቱንም ፈልጎ ነበር። ሰዓት እላፊ መኖሩን ሳስታውሰው «እሺ፣ ለሌሊቱ መንግሥት ይጠየቅ» ብሎ ተወው። ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ አድርጊው፤ እንደዚህ ከቀጠለ ሌላ አንድ ዓመት አይኖራቸውም» አለኝ።

መለኪያውን ከግቢ ለማውጣት ማመልከቻ ጻፍኩ። ጓድ ታደለ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። መጀመሪያ ቁጥር የለውም አሉ፤ ቀጥሎ ግልባጭ የለውም አሉ፤ በሦስተኛው እውነቱን ተናገሩ።

«ጓዲት፣ የሩብ ዓመቱ ግምገማ ሊደርስ ነው። ያለንን አንድ ጥሩ መስመር ለምን ትነካኪዋለሽ? ሌላ በሽተኛ ውሰጂና ለኪ።»

«የሌላው በሽተኛ እግር አላበጠም፣ ጓድ።»

አንድ ቀን ፈቀዱ። ደብዳቤው ላይ ሜርኩሪው ቢፈስ በስሜ እንደሚጠየቅ በሁለት አንቀጽ ሰፍሯል። ስለ ሐጂ አንድ መስመር አለ።

የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሐጂ የሱቃቸውን መዝጊያ ሲከፍቱ ደረስኩባቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ዛሬ እኮ ቀጠሮዬ አይደለም!»

«አውቃለሁ ሐጂ። ቀጠሮው የእኔ ነው።»

አቡጀዲው ላይ ሳጥኑን ከፍቼ ለካሁ፤ መቶ ሰማንያ አምስት በመቶ አሥር።

«ስንት አመጣሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀንሶ። ነገርኳቸው። «የእናንተ ወንበር ይሻለኛል» አሉ።

በየሰዓቱ ቀጠልኩ። ሐጂ በአንድ እጃቸው ጨርቅ ይለካሉ፣ እኔ ሌላውን እለካለሁ። በሦስተኛው ሰዓት ሱቁ በር ላይ ሰው ሞላ። ገብስ ሊሸጡ ከገሰራ የመጡ አንድ አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ለእኔም እሰሪልኝ።»

«ያምዎታል አባቴ?»

«አያመኝም። ግን ለነጋዴ ብቻ የሚታደል ነገር ደግሞ ምንድን ነው?»

ወሬው ከዚህ ተነሳ መሰለኝ። መንግሥት የነጋዴዎችን ክንድ እየለካ ነው ተባለ። ለምን እንደሚለካ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለደግ ነገር እንደማይሆን ግን ሁሉም ያውቃል። ቀትር ሳይደርስ ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ተዘጋ፤ ከፊት ለፊት ያሉትም ሁለት ተከተሉ። በስድስት ሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሳቸው ከተፍ አሉ።

«ጓዲት፣ ነጋዴ እየመዘገብሽ ነው አሉ።»

«ግፊት ነው የምለካው።»

«የክንድ ምዝገባ መመሪያ ለእኛ አልደረሰንም።»

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቆይተው ሰዉን በትነው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ የካኪ ኮታቸውን አወለቁ።

«እስቲ የእኔን።»

የሳቸው መቶ ሰባ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፤ እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ሊቀ መንበሩ በነበሩበት ሰዓት የሐጂ ግፊት ሁለት መቶ ገባ። ያ አላስገረመኝም። የገረመኝ ሊቀ መንበሩ ከሄዱም፣ ሐጂ ምሳ በልተው ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጋደም ካሉም በኋላ ከመቶ ሰማንያ በታች አለመውረዱ ነው። ጠመንጃ የለም፣ ወንበር የለም፣ ገበያተኛ የለም። ቢሆንም ያው ነው።

ባለቤታቸው አደ ዘይነባ ሳህን ሊያነሱ ገቡ። ሐጂ መድኃኒት የሚወስዱት በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ?» አሉ። «ዛሬ ምን አለና?»

«በየቀኑ የሚወሰደውን ማለቴ ነው።»

ባልና ሚስት ተያዩ። አደ ዘይነባ ከመደርደሪያ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አውርደው ፊቴ ከፈቱት። እስከ አፉ ኪኒን ሞልቷል፤ የአንድ ዓመት ኪኒን።

«ወደ እናንተ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀምራል» አሉ አደ ዘይነባ። «እንደ ጀለቢያው ነው። ለእናንተ የሚለበስ፣ ለእናንተ የሚዋጥ። ሲመለስ ሁለቱንም ያስቀምጣል።»

«ሐጂ?» አልኩ።

«ራሴን ያዞረኛል፣ ልጄ። ደግሞ መድኃኒት እንደ እህል በየቀኑ ይበላል እንዴ? ግን እናንተ ዘንድ ተበላሽቼ ልመጣ ነው? ያ ሰውዬ ቀዩን መስመር ሲስብ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ አይቼዋለሁ። አንቺንም በእኔ የተነሳ በሰው ፊት አመሰገኑሽ። ላሳፍርሽ ነበር?»

«ወስጃለሁ ብለው ማሉልኝ እኮ።»

«አልዋሸሁም። ወስደዋል ወይ አልሽኝ፣ ወስጄ ነበር። ስለ ሌላው ቀን መቼ ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅኋቸውም ነበር። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት። መልሱን ሲሰጡኝም ደስ እያለኝ ጽፌዋለሁ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ አሥራ ሁለት ጊዜ ለካሁ። በማግሥቱ ወረቀቱን ለጓድ ታደለ ሰጠኋቸው። የወሩ ሣጥን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው አሉ። አሥራ ሁለቱንም በደቃቅ ጽሕፈት አንዱ ሣጥን ውስጥ አስገባኋቸው።

«መስመሩን አበላሸሽው» አሉኝ።

«ያበላሸነው የሐጂን ኩላሊት ነው» አልኩ። ለዚያ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አልነበረም።

የጎባው ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ አልተቆጣም። ራስ የሚያዞረውን ኪኒን በሌላ ለወጠ፣ ጨው ከለከለ። የጠፋው ኩላሊት እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ማቆየት እንደሚቻል ለሐጂ ራሳቸው ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ የሚያስውጧቸው አደ ዘይነባ ሆኑ፤ እሳቸውን ደግሞ በምስጋና ማታለል አይቻልም። በሦስት ወር እብጠቱ ጎደለ። ሽንታቸው ግን ፈጽሞ አልጠራም።

ኮከብ ሠራተኛ አልሆንኩም። በገበያ ቀን ሱቅ ማስዘጋቴ በሊቀ መንበሩ ፊርማ ተጽፎ መጣና «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ቆላ ወዳለው የብድሬ ክሊኒክ ተዛወርኩ። የሐጂ የመጀመሪያው ዓመት መስመር ግን ከግድግዳው አልወረደም፤ ጤና ጣቢያው የምስክር ወረቀት ያገኘው በእሱ ነው። መለኪያውን ሳስረክብ ጓድ ታደለ ሜርኩሪውን ወደ ብርሃን አንስተው መረመሩት። አንድ ጠብታ አልጎደለም። የሐጂን ኩላሊት በሞዴል 22 ፈርሞ የተረከበ ሰው አልነበረም።

ብድሬ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የከብት ነጋዴ ክሊኒኩ በር ላይ አስጠራኝ።

«ከሮቤ ሐጂ ቃሲም ሰላም ብለውሻል። ደግሞ ትናንትም ወስጃለሁ በላት ብለውኛል። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሐጂ ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ሐኪሙ ያን ያህል ተስፋ አላደረገም ነበር።

እናንተ ዛሬ በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ የግፊት በሽተኛ ስትለኩ «ዛሬ መድኃኒት ወስደዋል?» ብላችሁ አትቁሙ። «ትናንትስ?» በሉ። ዝም ካሉ፣ የለካችሁት ቁጥር የወንበሩ ነው።