ሐይቅ ላይ ያመለጠኝ እልልታ

ውሸት አልችልበትም። ያን ቅዳሜ ግን የቤተ ክርስቲያናችንን ወጥ ቤት እንዳጸዳ ተመድቤ ሳለ፣ «ድንገት ሥራ ጠሩኝ» ብዬ ቀረሁ። ባለቤቴ ለልደቴ ብሎ ዓሣ ለማጥመድ ጀልባ ዓሣ ከሚያስጠምድ ጋይድ ጋር ተከራይቶልኝ ነበር። ከምንኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ከአውሮራ ተነስተን ተራራው ላይ ያለው ሐይቅ እስክንደርስ ሕሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ ነው የሄድኩት።

ገና መንጠቆዬን ከመወርወሬ ከሌላ ጀልባ ላይ አማርኛ ሰማሁ። ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ።

«ውሸትሽ በውኃም መጣብሽ!» ብሎ ባለቤቴ ሳቀብኝ።

በዚህ መሀል የማጥመጃ ዘንጌ ጎበጠ። «ፓይክ ነው፤ ጥርሱን ተጠንቀቂ!» አለ ጋይዱ። እጄ እስኪዝል ታገልኩ። ክንዴን የሚያህል ጥርሳም ዓሣ ከውኃው ብቅ ሲል ግን ሁሉንም ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ያ ጀልባ ወዲያው ወደ እኛ ዞረ። አለቀልኝ አልኩ። ቀረብ ሲል የጽዳቱ ኃላፊ እትዬ አስካለ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ!» አሉኝ ዙሪያቸውን እየቃኙ። «እኔም ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ነው የቀረሁት!»