ድንጋይ የተሸከምኩለት ሱቅ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት አንድ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ። የምንጠቀምበት የሰርቨር ሶፍትዌር አርጅቷል፣ ከዚህ ወር በኋላ ድጋፍ የለውም፣ ወደ አዲሱ ቀይሩ ይላል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚመጣ ተራ ነገር ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን፣ "ጋሼ፣ የድሮው ኮፒ ማን ጋ ይቀመጥ?" ስትለኝ፣ "እኔው ጋ!" ብዬ ጮኽኩባት። ደነገጠች። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የጮኽኩበት ምክንያት ግን የቆየ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚሁ ጎንደር ሥራ ይዣለሁ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እንደ ሐኪም የሚከበርበት ጊዜ ስለነበር ትንሽ ተኮፍሼም ነበር፣ አልዋሽም። ሙሉጌታ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ትዳር ይዟል፣ ንግግሩ ጆሮ ይገባል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ "አበልጅ" ይለኝ ጀመር። አበልጅ እኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። አበልጅን ፈርምልኝ፣ ወረቀት እንጻፍ ማለት እንደ ስድብ ነው።

ከእሱ ጋር የኢንተርኔት ሱቅ ከፍተን ነበር። ደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የኮሶዬ ሸማኔዎች የሚሠሩትን ባና፣ ያን ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ድረስ እንሸጥ ነበር። ዕቃ መረከቡና መላኩ የእሱ፣ ኮምፒውተሩ የእኔ። እያንዳንዱ ሸማኔ የራሱ ገጽ ነበረው፤ ከላይ ፎቶውና ስሙ፣ ከታች ደግሞ ገዢዎች የጻፉት አስተያየት። በዚያ ሥራዬ እንዴት እኮራ እንደነበር!

እሁድ እሁድ ኮሶዬ እወጣና አስተያየቱን አነብላቸው ነበር። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት፣ "ባናው ይሞቃል፤ ግን ቤቱ በሙሉ በግ በግ ሸተተ፤ ባለቤቴ ከእኔና ከበጉ ምረጪ ብሎኛል" ብላ ጽፋ ነበር። የሸማኔዎቹ ታላቅ አያ ታከለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እስቲ ድገማት!" እያለ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ የገብስ ጠላ ይቀዳል፣ ትኩስ ድንች በአዋዜ ይቀርባል፣ ከገደሉ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኔም አንዱን ባና ተከናንቤ እቀመጣለሁ። የወለዱኝ ያህል ይወዱኝ ነበር። ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሱቁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ የሰርቨሩ ሶፍትዌር አረጀ ተባለ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ሁሉንም ነገር ፍላሽ ላይ ትገለብጣለህ፣ አዲስ ሰርቨር ላይ አዲሱን ሶፍትዌር ትጭናለህ፣ ዕቃህን ታዛውራለህ፣ ለጥቂት ሳምንት ሁለቱን ጎን ለጎን አቆይተህ ታያለህ፣ አሮጌውን የምትዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

"ፍላሹን እኔ ጋ አስቀምጠው አበልጅ፣ ያንተ ቤት ጣሪያው ያፈሳል" አለኝ ሙሉጌታ። እውነቱን ነው፣ ያፈሳል። ሰጠሁት። "ብትታመምስ?" ሲለኝ የሰርቨሩን የይለፍ ቃልም ሰጠሁት።

የፍልሰታ ጾም ነበር። መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ ተልባ ፍትፍት እየበላሁ ሦስት ቀን ሙሉ ታገልኩ። በሦስተኛው ቀን ሱቁ አዲሱ ሰርቨር ላይ ተከፈተ፤ ፎቶው፣ ስሙ፣ አስተያየቱ፣ አንድም አልጎደለ። ሙሉጌታ አቅፎ ሳመኝ። "በል እንግዲህ አሮጌውን ዝጋው፣ ምን ይሠራልናል?" አለ። ጥቂት ሳምንት የሚለውን ሕግ እያወቅሁ፣ ደስታም ስላሰከረኝ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሱቁን ስከፍት ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ስም የለ፣ ፎቶ የለ። ወደ ሙሉጌታ ሮጥኩ። ፍላሹን ከመሳቢያው አወጣ፤ እሱም ባዶ ነው። "ስትገለብጥ ተሳስተህ ይሆናል አበልጅ" አለኝ፣ በሐዘን። ልብ በሉልኝ፣ በሐዘን ነው ያለኝ! ሁለት ሳምንት ያልፈተሽኩት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ኮሶዬ መሄድም አቆምኩ።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ነገሩን ስነግረው፣ "ልጄ፣ ያጠፋ ሰው ቤቱ ተቀምጦ አያለቅስም፤ ሄዶ ይቅር በሉኝ ይላል" አለኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ተነሥ እስኪባል አይነሣም። መስከረም መጨረሻ ላይ ከአባቴና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወጣን። ሙሉጌታ ቀድሞን ደርሷል። አስፋልቱ ዳር ድንጋይ መርጬ አነሣሁ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ እስከ አያ ታከለ ግቢ ተሸከምኩት፣ ተንበረከክሁ።

"አጥፍቻለሁ። የእጃችሁን ሥራ አጠፋሁባችሁ። ይቅር በሉኝ።"

ሸማኔዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አዝነውልኝ መሰለኝ። ሙሉጌታ መጣና ድንጋዩን አንሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር አበልጅ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባቴም እጁን በሙሉጌታ ራስ ላይ ጭኖ መረቀው። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀትን ቀሐ ወንዝ ዳር አክብሬ ሥራ በገባሁ ሰሞን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባና የት ይገኛል ብሎ ጠየቀኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግለት አንድ ሱቅ አገኘሁ፤ ስሙም ቀለሙም ሌላ ነው። ሌላ ሰው ጀመረው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። የአያ ታከለን ፎቶ አየሁ፣ ከፈትኩት። ከታች፣ "ባለቤቴ ከእኔና ከበጉ ምረጪ ብሎኛል" ይላል። ያ አስተያየት ከሰርቨሮቹ ሌላ የነበረው በዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ፍላሹን ባዶ ያደረገው ገልብጦ ካስቀረ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ሙሉጌታ ቤት ሄድኩ። "ምነው አበልጅ? ምን በደልኩህ?" አልኩት። አልካደም። "ንግዱ የእኔ ነበር፤ አንተ ኮምፒውተር ነካካህ እንጂ ምን አደረግህ?" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ለአባቴ ስነግረው፣ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" አለና ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ኮሶዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር እየተቻኮልኩ ነበር፤ ቢያንስ እነሱ ንጹሕ መሆኔን ይወቁልኝ ብዬ። አያ ታከለ ደጁ ተቀምጦ የበግ ጠጉር ይነድፋል። እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኩት። ቀና አላለም።

"አውቀናል ልጄ" አለኝ።

"መቼ ነው ያወቃችሁት?"

"ከድንጋዩ በፊት ነው። ባናውን የሚጭነው የሙሉጌታ መኪና መቼ መምጣት አቆመና! በሌላ ስም እሸጣለሁ፣ ለአበልጄ እንዳትነግሩት አለን። ባናው ገዢ ይሻል፣ እኛም ልጆች አሉን። ምነው፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ዞሬ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

ሙሉጌታን ዛሬም ከተማ ውስጥ አየዋለሁ። መንገድ እሻገራለሁ፣ አለቀ። ሌባ ነው፣ ሌባ ይሰርቃል፤ የእሱ ነገር ወጥቶልኛል። እነዚያን ሸማኔዎች ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ችግር አፍ እንደሚዘጋ አላጣሁትም፤ ባለቤቴም ስንት ጊዜ መክራኛለች። ነገር ግን በዚያ ግቢ የነበረው ሰው ሁሉ የማን ጥፋት እንደሆነ እያወቀ ድንጋዩን አንገቴ ላይ ተወው። ምክንያቱን ባይነግረኝ እንኳ አንዱ ተነሥቶ፣ "አውርደው ልጄ" ቢለኝ ምን ነበረበት?

አሁንም ለሥራ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ሾፌሩ ኮሶዬ ላይ ለቁርስ ያቆማል። ሁሉም ይወርዳል፤ እኔ መኪናው ውስጥ እቀራለሁ። "ምነው ጋሼ፣ አይወርዱም?" ሲሉኝ ብርዱን አሳብባለሁ። ብርዱ አይደለም። ተቀይሜ ነው፤ ፀጉሬ ሸብቶም አልወጣልኝም።