ለጭንቀት የወጣ የዓመት ዕቅድ

ሰው ይበልጥ ሆድ የሚብሰው በየትኛው ወር ነው? ብሎ የጠየቀኝ አለቃዬ ነበር። ከሚሴ ላይ የሥነ ልቦና ምክር መስጫ ከፍቶ፣ ደንበኛ የሚጠራበትን ዕቅድ በየወቅቱ ከፋፍዬ እንዳወጣለት ፈልጎ ነው።

እኔ ግን ወደዚያ በር የሄድኩት ሥራ ፍለጋ አልነበረም። እናቴን አራት ዓመት አስታምሜ ቀበርኳት። በሞተችበት ማለዳ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እንዳንቺ ያለ ልጅ አላህ ለሁሉም ይስጥ» ይለኛል፤ እኔም «አሚን» እላለሁ። ለአንድ ሰው ካልተናገርኩት ሆዴ ውስጥ እንደሚሻግት ገብቶኝ ነበር። ችግሩ፣ የምክር መስጫው በር ከገበያው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው እጄን ስዘረጋ፣ ጎረቤታችን የሆነች ቅመም ሻጭ ከመደቧ ላይ ጮኸች።

«አንቺ! አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ? ምን ልትሠሪ ነው እዚያ? አበድሽ እንዴ?»

«ሥራ ልጠይቅ ነው።»

«እንዲያ በይ! በይ ግቢያ!» ብላ እስክገባ ቆማ አየችኝ።

ገባሁ። ባለሙያው፣ የኋላው አለቃዬ፣ ቀና ብሎ «ማስታወቂያውን አይተሽ ነው?» አለኝ። በሩ ላይ ጸሐፊ እንደሚፈልግ የለጠፈውን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። «አዎ» አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ስለሆነ የጽሑፍ ስሕተት አላሳልፍም፤ ማስታወቂያው ላይ ሁለት አረምኩለት። በዚያው ቀጠረኝ።

ዕቅዱን በትልቅ ወረቀት ላይ ሠራነው። መስከረም፣ የተማሪ ጭንቀት። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው፤ ለመጨነቅ ጊዜ ያለው የለም። ጥር ሠርግ ስለሆነ «ከኒካህ በፊት እንመካከር»። ረመዳን የት እንደሚገባ ተከራከርን፤ በየዓመቱ እየቀደመ ሠንጠረዡን ያፈርስብናል። አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው፤ «ቋሚ ቦታ ይኑረው» ብሎ አዘዘ። ረመዳን አልታዘዘም።

ዋናው ተስፋችን ግን የገበያ ቀን ነበር። ከሰንበቴም ከጨፋ ሮቢትም ሰው ይጎርፋል፤ እኛ በራሪ ወረቀት እንበትናለን። «ብቻዎን አይጨነቁ፣ ይምጡና ይናገሩ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዙን ስንቴ አንስቼ እንደመለስኩት አላህ ያውቃል። በሳምንቱ ድንብላል ስገዛ በራሴ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ተሰጠኝ።

«ወረቀታችሁ ጠንካራ ነው፣ ወላሂ» አለችኝ ቅመም ሻጯ። «ጨምሩልን እንጂ!»

በገበያ ቀን የገቡት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው።

«መርፌ አላችሁ?»

«የለንም፣ እማማ።»

«ክኒንስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«እናዳምጣለን» አለ አለቃዬ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

አሮጊቷ እኔን በአዘኔታ አዩኝ። «ማዳመጡማ ወዳጃ ላይም አለ። እዚያ ደግሞ ሰዉ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግልኛል» ብለው ወጡ። በዕቅዱ ላይ «አንድ ጎብኚ» ብዬ መዘገብኩ።

ዓመቱ ሲያልቅ አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አሰበ። «ወቅቱን ነው የሳትነው» አለ በመጨረሻ። «ማስታወቂያውን ወደ ሐምሌ እናዙረው። ዝናብ ነው፤ ሰው ሆድ ይብሰዋል።»

«ወቅቱ አይደለም» አልኩት። «በሩ ነው። በገበያ ቀን የሁሉም አክስት፣ የሁሉም አማት እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እያዩት ማን ይገባል?»

«ይህን በምን አወቅሽ?»

«እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።»

«ሥራውን ልትጠይቂ መጥተሽ?»

«ለሥራው አልነበረም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓመት ሙሉ ሰውን «ይምጡና ይናገሩ» ስል ከርሜ፣ የራሴ ሲሆን መነሻው ጠፋኝ። እሱም፣ የመጀመሪያ ደንበኛው መሆኔ ነው መሰለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ።

«እናቴ የሞተች ቀን» አልኩ፣ «እፎይ ብዬ ነበር።»

ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ነገርኩት።