የመሪጌታ መቋሚያ አበባዬን ደግፎ ተገኘ

«ልጄ፣ መቋሚያዬን አላየሽም?»

አከራያችን መሪጌታ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ። እኔ ጥርሴን እየቦረሽሁ ነበር፤ አረፋው አፌ ውስጥ ቀረ።

ትናንት የጣና ነፋስ ከዝናብ ጋር ሲመጣ፣ በቀለም ባልዲ የተከልኋት ካና ልትወድቅ ዘመመች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፤ ቀይ አበባዋ ገና መፍካቱ ነው። ሮጬ በረንዳው ላይ ያገኘሁትን ዘንግ ባልዲው ውስጥ ሰካሁና በሻሼ አሰርኋት። የምን ዘንግ እንደሆነ ማን አይቶ!

(ባልዲውን ውኃ እንዳይቋጥር ከሥሩ በስቼዋለሁ። ሁሉን አስቤ ነበር፤ እንዲህ መርዘሟን ብቻ አላሰብሁም።)

አፍሬ በጣቴ ጠቆምሁ። መሪጌታ ቀርበው አዩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ተያት» አሉ። «ወሩ ጽጌ ነው። እኛስ ሲደክመን ተደግፈነው አይደል የምንቆም? እሷም ትደገፈው።»

ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳፍር ዋልሁ።

አሁን ተመለሱ። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዘዋል።

«በይ እንለዋወጥ» አሉኝ።

እናንተስ፣ አበባ ለማቆም የማንን ዕቃ ሰክታችኋል? ተናዘዙ፤ እኔ ተፈትቻለሁ።