ትንሽ የቀረው ሰው

የእኚህ ሰው ቀን አንድ ሻይና የሁለት ሰዓት ኢንተርኔት ያስወጣቸዋል፤ ታክሲውን እግራቸው ችሎላቸዋል። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ኮሌታቸው ላይ ዛሬም ክር የገባበት መርፌ አለ። ልጄን አዝዬ የሥራ ማመልከቻ ከምጽፍበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር አጠገብ ተቀምጠው በፖከር፣ በገንዘብ በሚያስወራርድ የካርታ ጨዋታ፣ ይወዳደራሉ። ካሸነፉ በሽልማቱ እጃቸውን ይታከማሉ።

ትናንት የሌሎቹ ተጫዋቾች ቺፕ፣ የመወራረጃቸው ገንዘብ፣ ስክሪኑ ላይ ተቆልሏል፤ እሳቸው ጋ የቀረው ጥቂት ነው። ካርታ በደረሳቸው ቁጥር ሳይወራረዱ ይጥላሉ።

“አባባ፣ ምነው ፈሩ?” አልኳቸው።

“ትንሽ የቀረው ሰው እየቆነጠረ አይጨርስም፣ ልጄ። ጥሩ ካርታ ይጠብቅና ሁሉንም ባንዴ ያስይዛል።”

በመጨረሻ ሁለት ንጉሥ፣ የጠበቁት ጠንካራ ካርታ፣ ደረሳቸው። የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ያላቸውን በሙሉ አስያዙ። ተጋጣሚያቸው እያሰበ ሳለ ዞር ብለው በጎን ወግ የምጽፍበትን ደብተሬን አዩት።

“የምትጽፊው ስለ እኔ ከሆነ አንባቢዎችሽን ለምኚልኝ፤ እጄን ያየ ሁሉ ፈራ አይበለኝ።”