የእንግዳ ቤቱ ስም ዝርዝር

ፖሊሶች የያዙኝ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ የማድርበትን ቤት ደጅ እየጠረግኩ ነው። «ኪፓንዴ» አሉኝ፤ መታወቂያ አልነበረኝም። ጋዜጣ ላይ በጻፍኩት ምክንያት ከአገሬ ሸሽቼ ናይሮቢ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ የስደተኛ ወረቀቴ አልደረሰም።

ቤቱ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ነው። መነኮሳት አይደሉም፤ ነርስ፣ ሹፌር፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ናቸው። ማደሪያ የሌለውን ያሳድራሉ፣ ያበላሉ። ያኔ እንደኔ የሸሸን አስራ አንድ ኢትዮጵያውያን ነበርንበት።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል እግር አያስዘረጋም። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ ባልዲ አለ። አስራ አራት ሆነን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አጠገቤ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ወባ ይዟቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጠሩኝ። ንጹሕ ኮት የለበሰ ሰው ቁጭ ብሏል። የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የሚናገረው፤ ማን እንደላከው አልነገረኝም።

«እዚያ ቤት የሚያድሩትን ያገርህን ልጆች ስም ጻፍልኝ። ከሰዓት በኋላ ትወጣለህ።»

«ባልጽፍስ?»

«ዓርብ ወደ ድንበር የሚሄድ መኪና አለ።»

አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ ፖሊሶቹ ወደ ክፍሉ መለሱኝ። እውነቱን ልናገር፣ የማንን ስም ማስቀደም እንዳለብኝ አስቤያለሁ። ሌሊት የሚያንኮራፋ አንድ የማልወደው ልጅ ነበር።

ረቡዕ ስለነበር ማኅበሩ ለእስረኞች ምሳ አመጣ። ይዘውት የመጡት አደይ የምንላቸው ኤርትራዊት እናት ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ በነርስነት አሳልፈዋል። ድስቱን እያቀበሉኝ ሳለ ስለ ወረቀቱ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ብትጽፍም ባትጽፍም አልጋህ አለ» አሉኝ።

«ብጽፍ አይቀየሙኝም?»

«አዝናለሁ። በሩን ግን እከፍትልሃለሁ። በል አሁን ሳይቀዘቅዝ አድልልኝ።»

ባቄላና ቻፓቲ ነበር። ሳህኑ ለሁሉም አልተዳረሰም፤ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁ፤ ቻፓቲውን አነጠፍኩበት፣ ባቄላውን ጨለፍኩበት። መረቁ ወረቀቱን አራሰው። እየተንቀጠቀጡ ጨርሰው በሉ።

ሰውየው ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመ።

«ወረቀቱስ?»

«ምሳ በላንበት» አልኩት። «እስክሪብቶው ግን ይኸው።»

ተቀብሎኝ በመሐረቡ ጠረገውና ሄደ።

አደይ በዚያው ዕለት አስሩንም ልጆች ወደ ተለያየ ቤት እንዳሸሿቸው የሰማሁት በኋላ ነው። ሐሙስ ማኅበሩ የያዘልኝ ጠበቃ ጉዳዬን ፍርድ ቤት አቀረበልኝ። ዓርብ መኪናው መጣ፤ ከክፍላችን አራት ሰው ተጠራ፣ የኔ ስም አልነበረበትም። እኔ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተፈታሁ። የአራቱን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አደይ ካረፉ ቆይተዋል። «አደራ እንዳትጽፍ» ብለው ለምነውኝ ቢሆን ኖሮ እልህ ይዞኝ እጽፍ ነበር ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። መልሱን አላውቀውም።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ድስቱን ይዤ ወደ እስረኞቹ የምሄደው እኔ ነኝ። ምን አድርገው እንደታሰሩ፣ ምን ተናግረው እንደሚፈቱ አልጠይቅም። የምጠይቃቸው፣ ሲወጡ የሚያድሩበት እንዳላቸው ብቻ ነው።